ጋኑ ላይ የተቀመጠው አባት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተወደዳችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ በስልኬ ደረሰኝ። የአንድ አገልጋይ ገመና ነው። ከሦስት የማኅበር ግሩፖች ተላከልኝ። ከሥሩ «ጸልዩለት» ይላል። ጸልዩለት ያለው ሰው ግን ሼር ማድረጉን አልተወም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ አሞናስ ከልቤ አልወጣ አለኝ።

ብዙዎቻችን አናውቀውም። በግብፅ በኒጥርያ የኖረው አባ አሞን ሌላ ነው። ይኼኛው የታላቁ የአባ እንጦንስ ደቀ መዝሙር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ ኖረ፤ በኋላም ጳጳስ ሆነ። አስቄጥስ በተባለው የመነኮሳት በረሃ ሳለ ቀንና ሌሊት አንድ ነገር ለመነ፤ ቁጣን ማሸነፍ። 14 ዓመት ሙሉ! እኛ አንድ ሱባኤ ገብተን ካልተመለሰልን እናኮርፋለን።

አንድ ቀን ስሙ የከፋ መነኩሴ ወዳለበት ቦታ ሄደ። ሴት በበዓቱ (በመኖሪያ ክፍሉ) መኖሯን የሰሙ ሰዎች መነኩሴውን ሊያባርሩት ተሰበሰቡ። ጳጳሱ መምጣቱን ሲያውቁ አብሯቸው እንዲሄድ ለመኑት። መነኩሴው ይህን ሲሰማ ሴቲቱን ትልቅ ጋን ውስጥ ደበቃት። አባ አሞናስ ሲገባ ነገሩ ወዲያው ገባው። ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሸፈነው። ሄዶ ጋኑ ላይ ቁጭ አለና «በሉ ፈልጉ» አላቸው። ቤቱን በረበሩ፤ አጡ። «ይህ ምንድን ነው? እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አላቸው። ጸልዮ ሁሉንም አስወጣ። ከዚያ የመነኩሴውን እጅ ያዘና «ወንድሜ፣ ለራስህ ተጠንቀቅ» ብሎት ሄደ።

በቃ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቅዱስ ጴጥሮስ «ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል» ይላል (1ኛ ጴጥ. 4፥8)። ይሸፍናል የሚለውን ልብ በሉት። ኃጢአት የለም አላለም። ሰው የሚሸፍነው ያየውን ነው። አባ አሞናስም አይቷል፤ ተግሣጹንም አላስቀረም። ግን እጁን ይዞ፣ ለብቻው ነገረው። እኛ የማንን እጅ ያዝን? ስልካችንን ብቻ ነው የያዝነው።

ሕፃን የተጎዳበት፣ ድሃ የተዘረፈበት ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ዝም ማለት የተበደለውን ዳግም መበደል ነው። እኔ የማወራው ስለ ወደቀ ሰው ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ያረገዘች ልጃገረድ አመጡለት። «ቅጣት ስጣት» አሉት። እሱ ማሕፀኗ ላይ በመስቀል ምልክት አማተበ። 6 ጥንድ የበፍታ ጨርቅም እንዲሰጧት አዘዘ። ስትወልድ እሷ ወይም ልጇ ቢሞቱ መገነዣ እንዳይታጣ ብሎ ነው። ሰዎቹ ተቆጡ። «ወንድሞቼ፣ ለሞት ቀርባለች፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። እነሱ ጥፋቷን ቆጠሩ፤ እሱ መገነዣዋን አሰበላት።

ጋኑ ውስጥ ስለነበረችው ሴት ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። ግን አስባታለሁ። ጨለማ ውስጥ ሆና የሰዎቹን ኮቴ ስትሰማ፣ ከበላይዋ ደግሞ አንድ አባት ቁጭ ሲልላት።

ቪዲዮህ በየስልኩ የዞረው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እኔ እስከ መጨረሻው አላየሁትም። አጥፍቼዋለሁ። ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። እሑድም ለቅዳሴ ና፤ አጠገቤ ትቆማለህ።