ያልበላ አያገሣም

ኅዳር 26 የአባታችን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነበር። ከደሴ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደን አክብረን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ አንዲት እህታችን ወደ እኔ ዞር አለች። "ወንድሜ፣ ልብ ወለድህ ላይ ያለው አበዳሪ እገሌ ነው አይደል?" የሰፈራችንን ሰው ስም ጠራች። ሌሎቹ ሳቁ። አንዱ ደግሞ ሌላ ስም ጨመረ። በጣም ከፋኝ። ሦስት ዓመት የደከምኩት ለዚህ ነበር?

ወገኖቼ፣ ከዳዊት መዝሙር ውስጥ አብልጬ የምወዳት ቃል አለች። መዝሙር 44፤ "ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ።" አማርኛው "ልቤ መልካም ነገርን አወጣ" ይላታል። የግእዙ "ጐሥዐ" ግን አገሣ ማለት ነው። ያልበላ ሰው አያገሣም። የበላም የበላውን ነው የሚያገሣው።

ይህች ቃል በራሴ ላይ ደርሳብኛለች። ያን አበዳሪ መጀመሪያ የጻፍኩት ከቂም ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በገንዘብ በድሎኝ ነበር። ምዕራፉ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ንጋቱ ማክሰኞ ነበር። የዕለቱን ዳዊት ስደግም እዚህች ቃል ላይ አፌ ተያዘ። ለካ ልቤ ያገሣው ሐሞት ነው! ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሰው በስሙ እየጠራሁ "እኔንም ማረኝ፣ እሱንም ማረው" ማለት ያዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ቀን ከአፌ አላልፍ ብሎኛል።

አንድ ሌሊት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት፣ አበዳሪው የታመመች ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ታየኝ። ጨርቅ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ይጨምቃል፣ ግንባሯ ላይ ያደርጋል። ሲሞቅ ያነሳዋል። መልሶ ይነክራል። እስኪነጋ እንዲሁ። እያለቀስኩ ጻፍኩት።

መዝሙሩ ቀጥሎ አንደበትን በጸሐፊ ብዕር ይመስላታል። አባታችን አቡነ ኢየሱስ ሞዓም ብራና ይጽፉ እንደነበር ገድላቸው ይናገራል። የሸምበቆ ብዕር ጥቂት ቃል ጽፎ ይደርቃል፤ ተመልሶ ቀለም ካልነካ ብራናውን ይጭራል እንጂ አይጽፍም። ሳልጸልይ የተቀመጥኩ ቀን እኔም እጭራለሁ።

እናንተስ እንዴት ነው የምታነቡት? ስብከት ስንሰማ "ይህቺ ለእገሌ ናት" እንላለን። መጽሐፍ ስናነብ ጎረቤት እንፈልጋለን። እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው? ሉቃስ 15ን ክፈቱ። ጌታ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ሲነግር ታላቁን ልጅ ደጅ እንደቆመ ነው የተወው። አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ይግባ አይግባ አልተጻፈም። እኔ እዚያ ደጅ ላይ ስንት ጊዜ ራሴን አግኝቻለሁ! የጻፍኩትም አንባቢዬ እንዲሁ ራሱን እንዲያገኝ ብዬ ነው።

እህቴ፣ አበዳሪው እገሌ አይደለም። እባክሽ ያን የጨርቁን ገጽ ማታ ብቻሽን ሆነሽ መልሰሽ አንብቢው።