ምቡና ምንድን ነው?

ስሙ ውስጥ ቡና አለ እንጂ ከቡና ጋር ምንም አያገናኘውም። ምቡና በማላዊ ሐይቅ ዳርቻ በሚነገረው በቶንጋ ቋንቋ «የድንጋይ ዓሣ» እንደማለት ነው። የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። በሐይቁ ዓለታማ ዳርቻ እየኖሩ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ እየጋጡ የሚውሉ የብዙ ሲክሊዶች የወል ስም ነው። ቆሮሶ የምንለውም ዓሣ ከዚሁ ከሲክሊድ ቤተሰብ ነው።

ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፤ ሰው በቀለማቸው ተማርኮ ይገዛቸዋል። ጠባያቸውን የሚያውቀው ቤት ካስገባቸው በኋላ ነው።

ወንዱ ምቡና አንድ ዋሻ ይይዛል፤ የተጠጋውን ሁሉ ያባርራል። ሐይቅ ውስጥ የተሸነፈው ሮጦ ያመልጣል። አኳሪየም፣ ማለትም የቤት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ግን ወዴት ይሄዳል? ክንፉ ተቀዳዶ ላይኛው ማዕዘን ላይ የተሸጎጠ ዓሣ ካያችሁ፣ መሸሻ ያጣው እሱ ነው። እንግዲህ «የሚስማሙ ምቡናዎች» ሲባል የሚዋደዱ ማለት አይደለም። ጠባቸው አንዱ ላይ ብቻ የማያርፍ ማለት ነው።

ጉዳዩ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ መፍትሔው ማብዛት ነው። ሦስት ብቻ ከሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን እስኪገድለው ያሳድደዋል። 20 ከሆኑ ግን የቱን ይዞ የቱን ይተው? ለዚህ ርዝመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሆነ ገንዳ፣ ጠንካራ ማጣሪያና በየሳምንቱ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ዝርያ ለአንድ ወንድ ሦስትና ከዚያ በላይ ሴት ይሁን።

ሌላው መልክ ነው። ወንዱ አጥብቆ የሚጠላው እሱን የሚመስለውን ነው። ኬንዪ የሚባለውን የምቡና ዝርያ እንውሰድ። ሴቷ ሰማያዊ ናት፤ ወንዱ ሲጎለምስ ቢጫ ይሆናል። አጠገቡ እንደ ሎሚ ቢጫ የሆነውን፣ ገራሙን ምቡና ላቢዶክሮሚስን ብታስገቡበት እንደ ተቀናቃኝ ያየዋል። ኦራተስ ደግሞ የባሰ ነው። በልጅነቱ ወንዱም ሴቷም ወርቃማ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው ናቸው። ወንዱ ሲነግሥ ሆዱም ጎኑም ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ገንዳው የእሱ ነው። እኔ ለጀማሪ ኦራተስን አልመክርም። ዴማሶኒ በቁመት ትንሽ ናት፤ የራሷን ዘር ግን አትምርም። ወይ 12 እና ከዚያ በላይ አድርጎ መያዝ፣ ወይ መተው ነው። መልካቸው የተቀራረበ ሴቶች ካሉ ደግሞ ዝርያው ይደባለቃል፤ ጫጩቶቹ የማን እንደሆኑ መለየት ያቅታል።

ከፒኮክ ሲክሊድ ጋር ማቀላቀል ብዙዎች ይሞክራሉ። እሱም የማላዊ ነው፤ ውሃውም ያው ማዕድን የበዛበት፣ ፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.8 እስከ 8.6 የሆነ ውሃ ነው። ችግሩ ፒኮክ ረጋ ያለ ነው፤ ምግቡም ትላትልና ነፍሳት ነው። ምቡና አንጀቱ ረጅም፣ ለአልጌ የተሠራ ነው። ሥጋ ሲበዛበት ሆዱ ይነፋና ይሞታል። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ምግብ ይሻለዋል።

አገጯ አብጦ ምግብ እንቢ ያለች ሴት ካያችሁ አትደንግጡ። አፏ ውስጥ እንቁላል ይዛለች፤ ሦስት ሳምንት ያህል እንደዚያ ትቆያለች። የምትሸሸግበት ዋሻ ብቻ አይጥፋ።

አዲስ ዓሣ ስታስገቡ ድንጋዮቹን ቀድማችሁ አፈራርሱና እንደገና ደርድሩ፤ መብራቱንም አጥፉ። ጉልበተኛው የነበረው ዋሻ የለም። እሱም እንደ እንግዳው ቤት ፍለጋ ይዞራል።