የካምፐር «ፍሬሽ ዋተር ታንክ» ምንድን ነው?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ መጀመሪያ ካምፐራችን ውስጥ ስትገባ አልጋውንም ምድጃውንም ዞር ብላ አላየችም። «ውሃው የታለ?» አለች። የአልጋውን ጣውላ አንስቼ ከሥሩ ያለውን ነጭ የፕላስቲክ ታንክ አሳየኋት። ጎንበስ አለችና በጣቷ አንጓ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገች ከላይ ወደ ታች ወረደች። መሃሉ ላይ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። «እኩሌታ ነው» አለች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ መብራቱ አንድ ሦስተኛ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዴት ሁለቱም ልክ እንደሚሆኑ ኋላ እመጣበታለሁ።

ካምፐር ያው አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው መኪና ወይም በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፤ እዚህ አሜሪካ አርቪም ይሉታል። ሆዱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ታንክ አለው። የምንጠጣው፣ የምናበስልበትና የምንታጠብበት ንጹህ ውሃ የሚቀመጥበት «ፍሬሽ ዋተር ታንክ» ይባላል። ከሻወርና ከሳህን ማጠቢያ የወረደው «ግሬይ» ውስጥ ይጠራቀማል። ሦስተኛው «ብላክ» ነው፣ የሽንት ቤቱ፤ እሱን ሌላ ቀን።

ነገሩ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ሮቶ ነው በቃ፣ ባለ ጎማ ሮቶ። ልዩነቱ ሮቶ ማማ ላይ ስለሚሰቀል ውሃው በራሱ ክብደት መውረዱ ነው። የካምፐሩ ታንክ ግን ታች ነው፣ አልጋ ሥር ወይም ወለል ሥር። ስለዚህ በ12 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ አለች። ቧንቧ ስትከፍቱ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ፓምፗ ትነሳለች፤ ስትዘጉ ግፊቱ ይሞላና ዝም ትላለች።

መጠኑ እንደ ካምፐሩ ነው። ትንሽ ቫን ከ20 ጋሎን በታች ሊይዝ ይችላል፣ አውቶቡስ የሚያካክሉት ደግሞ 100 ጋሎን አካባቢ ይደርሳሉ። የእኛ ተጎታች 40 ጋሎን ይይዛል። 151 ሊትር ግድም ማለት ነው። በቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ያረፍንበት ቦታ የውሃ ቧንቧ ነበረው። የውሃ ጎማውን፣ ረጅሙን ቱቦ ማለቴ ነው፣ አምጥቼ ካምፐሩ ጎን ላይ ካለው መግቢያ ጋር አጥብቄ አሰርኩና ከፈትኩት። ሌሊቱን ሙሉ እንደተከፈተ አደረ። ሻወር ወሰድን፣ ሳህን ታጠበ፣ ውሃው እንደ ጉድ ይመጣል። ጠዋት ጎማዬን ጠቅልዬ፣ ታንኩ ጢም ብሏል ብዬ፣ ምንም ውሃ ወደሌለበት ተራራ ሁለት ሰዓት ነዳሁ። ደረስን። ባለቤቴ ጀበና ልትሞላ ቧንቧውን ስትከፍት ፓምፗ ጮኸች፣ ቧንቧው ትፍ ትፍ አለ፣ ሁለት ጠብታ ወረደ፣ አለቀ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው የባሰው።

የሆነው እንዲህ ነው። ካምፐሩ ሁለት የውሃ መግቢያ አለው። አንዱ «ሲቲ ዋተር» የሚል የተጻፈበት፣ ጎማው በጥርስ የሚታሰርበት ነው። እሱ ታንኩን ጭራሽ አያውቀውም፤ ከውጭ የመጣው ውሃ በራሱ ግፊት ቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ ይሄዳል። ሌላው ክዳን ያለው ሰፋ ያለ ቀዳዳ ነው፣ ልክ ነዳጅ እንደሚሞላበት ዓይነት፣ «ግራቪቲ ፊል» ይሉታል። ታንኩን የሚሞላው እሱ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የከተማ ውሃ ስጠቀም አድሬ ታንኬ ውስጥ አንድ ሊትር አልገባም። አዳዲሶቹ ላይ አንድ መግቢያ ብቻ ኖሮ በእጀታ የሚመረጥበትም አለ፤ እጀታው ወዴት እንደዞረ ሳታዩ ጎማ አትክፈቱ።

(ተቃራኒውም ያጋጥማል። ከከተማ ውሃ ጋር እንደታሰራችሁ ታንኩ ሳትሞሉት በራሱ እየሞላ ከሥር ከፈሰሰ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፓምፗ ውስጥ ያለው ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ነው።)

ስትሞሉ መጀመሪያ የምታዩት ቧንቧውን ነው። ካምፕ ቦታዎች ላይ ሁለት ዓይነት አለ። «ፖተብል» የሚለው የሚጠጣ ነው። «ናን ፖተብል» የሚለው አይጠጣም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቆሻሻ መድፊያው ጋ ነው፣ ሰዎች የሽንት ቤት ጎማቸውን የሚያለቀልቁበት። እዚያ ቧንቧ ላይ ንጹህ ጎማዬን አላስነካም፣ ቢጠማኝም። ጎማውም ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራው ይሁን፣ አብዛኛው ነጭ ወይም ሰማያዊ ነው። የአትክልት ማጠጫው አረንጓዴ ጎማ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃው ላይ የሚተወውን የላስቲክ ጣዕም አንዴ በሻይ ከቀመሳችሁት ሁለተኛ አትሞክሩትም።

ከከተማ ውሃ ጋር ስትታሰሩ ደግሞ መሃል ላይ የግፊት መቀነሻ ይግባ። የካምፐር መስመር የሚመቸው ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ አንዳንድ ካምፕ ቦታ ግን ከዚያ በጣም በላይ ይለቃል፣ መገጣጠሚያ ይፈነቅላል። በግራቪቲው ቀዳዳ ስትሞሉ ይህ ብዙም አያሳስብም፣ ግን አታጣድፉት። ውሃ ሲገባ አየር መውጣት አለበት፤ የአየር መውጫዋ ቱቦ ቀጭን ናት። ጎማውን ጥግ ድረስ ሰክታችሁ በሙሉ ኃይል ከለቀቃችሁ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ይተፋል፣ እናንተም ሞላ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ስንቱ ሰው በግማሽ ታንክ ሙሉ ነው ብሎ ሄዷል!

እኔ በሰዓት ነው የምሞላው። መጀመሪያ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ከቧንቧው ሥር አድርጌ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እቆጥራለሁ። 100 ሰከንድ ከፈጀ 40 ጋሎን ማለት ስምንት እጥፍ ነው፣ 800 ሰከንድ፣ 13 ደቂቃ ከምናምን። በ6 ደቂቃ «ሞልቷል» ካለኝ ይዋሻል።

ክብደቱን አትርሱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የእኛ ታንክ ሲሞላ 151 ኪሎ፣ ሁለት ጎልማሳ ሰው ከአልጋው ሥር ተኝቶ እንደመሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ተጎታቾች በር አካባቢ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ስንት ኪሎ ጭነት መሸከም እንደሚችሉና ሙሉ ውሃ ከዚያ ላይ ስንቱን እንደሚበላ ይናገራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ባዶ ነድቶ እዚያው ደርሶ ይሞላል። ጥሩ ነው፣ እዚያ ውሃ መኖሩን ካረጋገጣችሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 መጨረሻ፣ አሪዞና ባለው ትልቅ ሸለቆ በግራንድ ካንየን ላይ፣ ከሸለቆው ውስጥ ውሃ የሚያመጣው በ1960ዎቹ የተዘረጋ ቧንቧ ተደጋግሞ ተሰብሮ፣ በደቡቡ ጠርዝ ያሉት ሆቴሎች ለቀናት እንግዳ ማሳደር አቁመው ነበር። ካምፕ ቦታው ላይ ማደር ተፈቀደ፣ ውሃ መቅጃ ቧንቧዎቹ ግን ተዘጉ። ውሃውን ይዞ የመጣ አደረ። እኔ ከዚያ ወዲህ ከመነሳቴ በፊት ደውዬ «ቧንቧው ይሠራል ወይ?» ሳልል አልወጣም።

እንግዲህ ወደ እናቴ ጣት እንመለስ። አብዛኛው ካምፐር ላይ ያለው መለኪያ የሚገርም ያህል ተራ ነገር ነው። የታንኩ ግድግዳ ላይ ከፍ ዝቅ ተደርገው የተሰኩ ጥቂት ብሎኖች አሉ፦ ታች፣ አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ ጫፉ ላይ። ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ብሎኑን ውሃ ከነካው መብራቱ ይበራል። በቃ። ታንኩ እኩሌታ ሲሆን የሁለት ሦስተኛው ብሎን ደርቋል፣ የአንድ ሦስተኛው ርጥብ ነው፤ ስለዚህ መብራቱ አንድ ሦስተኛ ይላል። ከ50 ሊትር ጀምሮ እስከ 100 ሊትር ድረስ የሚናገረው ያንኑ አንድ ቃል ነው። የሚያስፈራው የታችኛው ነው። የአንድ ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ የቀራችሁ 49 ሊትር ሊሆን ይችላል፣ 5 ሊትርም ሊሆን ይችላል። ካምፐሩ አንድ ወገን አዘቅዝቆ ከቆመማ ጭራሽ ሌላ ወሬ ነው የሚያወራችሁ። ታንኩ ሥር ፓምፗ የማትደርስበት ውሃም ይቀራል።

የተሻለ አለ። ከታንኩ ውጭ የሚለጠፍ፣ ውሃውን የማይነካ፣ በመቶኛ የሚያነብ ረጅም ሴንሰር ይሸጣል፤ ስልክ ላይ የሚያሳይም አለ። ጥሩ ዕቃ ነው። እኔ ግን አልገዛሁም፣ እናቴ ቀደመችኝ። «ጀሪካን አምጣ» አለች። ታንኩን ባዶ አድርገን፣ እየለካን በ20 በ20 ሊትር ጨመርን፣ በጨመርን ቁጥር ውሃው የደረሰበትን በማርከር ታንኩ ላይ አሰመረች። ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል፤ የስልክ መብራት ከጎን ስታበሩ ውሃው የት እንዳለ ይታያል። ሰባት መስመር ወጣ። ጣውላውን ማንሳት ይጠይቃል፣ ግን አይዋሽም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሒሳብ ነው። ሻወሩ በደቂቃ 2 ጋሎን ቢያወርድ፣ አምስት ደቂቃ መቆም 38 ሊትር ነው፤ አራት ሰው እንዲህ ታጥቦ ታንኩ ባዶ ሆነ። ረጥባችሁ ዘግታችሁ፣ ሳሙናውን አሽታችሁ፣ ከፍታችሁ ስትታጠቡ ግን በ10 ሊትር ያህል ትወጣላችሁ። ቡናው ራሱ ምንም አይፈጅም፣ ሲኒ ማጠቡ ነው። ዶሮ ግን! አንዴ ባለቤቴና እናቴ ተማክረው ዶሮ ወጥ እዚያው እንሥራ አሉ። ዶሮ በሎሚና በጨው ስንት ውሃ እየተቀያየረ እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ። አራተኛው እጥበት ላይ ፓምፗ ጮኸች። አሁን ዶሮው ቤት ተገነጣጥሎ፣ ታጥቦ፣ ታሽጎ ነው የሚሳፈረው።

ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ ወደ ግሬይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አንዱን ታንክ ስትከታተሉ ሌላውንም ነው። ግሬይ ከሞላ ውሃው መጀመሪያ የሚመለሰው በዝቅተኛው ቀዳዳ፣ በሻወሩ ወለል ነው። የዶሮ እጥበት ያለበት ውሃ በባዶ እግር ረግጬ አውቃለሁ።

ፓምፗን ደግሞ ጆሮ ስጧት። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሌሊት ድንገት ጥር ብላ ዝም የምትል ከሆነ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ከካምፐሩ ስትወጡ ማብሪያዋን አጥፉ፤ አንዲት የላላች መገጣጠሚያ ታንኩን ሙሉ ወለሉ ላይ ልትደፋው ትችላለች።

ታንኩ ራሱ መታጠብ አለበት፣ በየዓመቱ የጉዞው ወቅት ሲጀምር እና ውሃ ተኝቶበት ከከረመ። ሽቶ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና፣ ለ15 ጋሎን 60 ሚሊ ሊትር፣ ለእኛ 160 ሚሊ መሆኑ ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ጨምሩት፣ ታንኩን ሙሉት፣ እያንዳንዱን ቧንቧ በረኪና በረኪና እስኪሸት ክፈቱ፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ድፉት፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት።

የምንኖረው ኮሎራዶ ስለሆነ ክረምቱ ቀልድ አያውቅም። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ቧንቧ ይሰነጥቃል፣ ፓምፕ ይፈነዳል። ተራራ ላይ ያሉት ካምፕ ቦታዎችም ቅዝቃዜው ሳይመጣ ቧንቧቸውን መዝጋት ይጀምራሉ። ታንኩን ከሥሩ ባለው መክፈቻ ባዶ አደርገዋለሁ፣ የውሃ ማሞቂያውንም፤ ከዚያ በረዶ እንዳይሠራ ተብሎ ለካምፐር የሚሸጠውን ሮዝ ፈሳሽ በፓምፗ እያስሳብኩ በየቧንቧው ሮዝ እስኪወጣ አሳልፋለሁ። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባውን ግን በፍጹም፣ እሱ መርዝ ነው። ሚያዝያ ላይ ስከፍተው መጀመሪያ የሚወጣው ሮዝ አረፋ ነው፤ ልጆቹ ለማየት ይሰለፋሉ። አረፋው ጠርቶ ሲያልቅ ወደ በረኪናው።