ሆይ አን ውስጥ ብቻዎን ቢታመሙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሆይ አን በመካከለኛው ቬትናም፣ በቱ ቦን ወንዝ ዳር ያለች ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ለብቻ ተጓዥ የምትመች ከተማ ናት። መንገደኛ ላይ በብዛት የሚደርሱት ተቅማጥና ትኩሳት ሲሆኑ፣ ሁለቱም በጊዜ ከተያዙ ይድናሉ። ብቻውን የተኛ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሲብስበት አይቶ «ተነስ፣ እንሂድ» የሚለው ሰው ስለሌለ ነው።

«ትኩሳትና ቁርጥማት ከሆነ ወባ ነው፤ መድኃኒቱን ይዣለሁ»

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይህ ግምት አይገርምም። ሆይ አን ከተማ ውስጥ ግን ወባ እምብዛም የለም፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በትንኝ የሚተላለፈው የቫይረስ ትኩሳት፣ ዴንጊ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንጊ ወረርሽኝ ስለተመታች በሽታው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኤደስ የምትባለው አስተላላፊ ትንኝ የምትነክሰው ቀን፣ በተለይ ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም።

ድንገት የሚነሳ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ካለ ዴንጊ እንደሆነ አድርገው ይያዙት። ለትኩሳቱ የሚወሰደው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፦ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ችግር ያለበት ሰው ከዚህ ያነሰ ስለሚወስድ ሐኪም ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አይወሰዱም፤ ዴንጊ ራሱ ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ክፍል) ስለሚቀንስ እነዚህ ሲጨመሩበት የመድማት አደጋው ከፍ ይላል።

«ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ድኛለሁ»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የዴንጊ አስጊ ጊዜ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ከደም ሥሮች ፈሳሽ ወደ ውጭ ሊሾልክ ይችላል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜም የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ታማሚው ግን ላቡ ደርቆ፣ ሰውነቱ በርዶ «ተሻለኝ» ብሎ ተኝቶ ይሆናል።

ጠንካራ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም መፍሰስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት አለመምጣት፦ አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በእነዚህ ቀናት የደም ምርመራ በየቀኑ ይደረግ። ፕላትሌት እየወረደ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) እየወጣ ከሆነ ፈሳሹ እየሾለከ ነው ማለት ስለሆነ፣ የየቀኑን ውጤት ፎቶ አንስተው ለቀጣዩ ሐኪም ያሳዩ።

«ተቅማጥ ሲይዝ አንቲባዮቲክ ይበቃል»

የሚጎዳው የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ መጀመሪያ የሚተካውም እሱ ነው። አገር ቤት «ለምለም» የምንለው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እዚያ ፋርማሲ «ኦሬሶል» ይባላል። አንድ ወጥመድ አለው፦ እኛ የለመድነው ከረጢት ለ1 ሊትር ውሃ ሲሆን፣ እዚያ ለ200 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚሆን ትንሽ ከረጢትም ይሸጣል። ትንሹን በ1 ሊትር መበጥበጥ ያቀጥነዋል፤ ትልቁን በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ ደግሞ የደም ጨውን ከፍ አድርጎ አደጋ ያመጣል። ከረጢቱ ላይ የ«ሚሊ ሊትሩን» ቁጥር ይፈልጉ።

ከረጢት ካጡ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ፤ ማንኪያው ሳይከመር ልክ ይሁን። ተቅማጥ ባስቀመጠ ቁጥር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ቆይቶ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ነው። ሰገራው ደም ካለው ወይም ትኩሳት ካለ ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራማይድ አይወሰድም።

«ሰልፍ ያለበት ታዋቂ ቤት አይመርዝም»

እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ከተማ ከአንድ ታዋቂ የባን ሚ ዳቦ መሸጫ የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ ታመዋል። ለጥንቃቄ ዳቦው ውስጥ የሚገባውን ይዩ፦ ፓቴ (ከጉበት የሚሠራ የሚቀባ ነገር)፣ በጥሬ እንቁላል የተሠራ ማዮኔዝ፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ የዋለ ሥጋ። ፊት ለፊትዎ የሚፈላ ሾርባ ይሻላል።

«ፋርማሲው ያውቃል፤ የሰጠኝን እውጣለሁ»

ባለሙያዎቹ ቅን ናቸው። ነገር ግን የተለያየ ክኒን ስም በሌላት ላስቲክ ተደባልቆ ሊሰጥዎ ይችላል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ አይዋጡት። ከነማሸጊያው ይጠይቁ፤ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም ስልክ ላይ ጽፈው ያሳዩ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ሳያውቁ ሁለት እጥፍ መውሰድም ይመጣል።

«ከባሰብኝ አምቡላንስ እጠራለሁ»

ቁጥሩ 115 ነው፤ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ግን ቬትናምኛ ብቻ ሊናገር ይችላል። በዚያ ላይ አሮጌው ሰፈር በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ለመኪና ዝግ ነው። ስለዚህ የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ ይደውልልዎ፤ መኪና ወደሚገባበት መንገድም ደግፎ ያድርስዎ። ለከባድ ሕመም ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ያሉት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዳናንግ ነው። በጥቅምትና ኅዳር ወንዙ ሞልቶ ጎዳናዎቹን ሊያጥለቀልቅ ስለሚችል፣ ውሃው ሳይመጣ መውጣት ይሻላል።

«እናቴ ትጨነቃለች፤ አልነግራትም»

ለእናት ባይነገር እንኳ ለእህት ወይም ለጓደኛ ይነገር። እዚያ ሰዓቱ ከኢትዮጵያ በ4 ሰዓት ይቀድማል፤ ጠዋትና ማታ መልእክት የምትልኩበትን ሰዓት ቁረጡ፤ ካልመጣ ማረፊያው ጋ ይደወል። የማረፊያው ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ይላክላቸው። እንግዳ ተቀባዩንም «በጠዋት አንኳኩልኝ፤ ካልመለስኩ ክፈት» ይበሉት፤ የውስጡን መቀርቀሪያ ግን አይዝጉት።

«ኢንሹራንስ አለኝ፤ ኋላ ይከፍላሉ»

ብዙዎቹ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ሆስፒታል ከመተኛትዎ በፊት እንዲደወልላቸው ይጠይቃሉ፤ ሆስፒታሉም መጀመሪያ ማስያዣ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። የውሉን ቁጥርና የ24 ሰዓት ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ሲወጡ ማህተም ያለበት ደረሰኝና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ሪፖርት ሳይቀበሉ አይሂዱ።