የፖኬሞን ጌሞች ግሊችና ብዙ ሰው የማያውቃቸው ነገሮች፦ ለጎንደር ተጫዋች

ጎንደር ውስጥ ጌም ቤት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥን፣ ፕሌይስቴሽንና እግር ኳስ ነው። ፖኬሞን ግን የስልክ ጌም ሆኖ ነው የሚታወቀው። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በማራኪ ግቢ ዶርምም ሆነ በየሰፈሩ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም መሣሪያን ተክቶ ጌሙን የሚያጫውት አፕ) ይጫናል፤ ጌሙ ከጓደኛ በዜንደር ወይም በቴሌግራም ይመጣል። በዚህ መንገድ የሚዞር ፋይል የትኛው እትም እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ግሊች፣ ማለትም በጌሙ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት፣ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የእትም ጉዳይ ነው። ሬድ በሚባለው እትም የሚሠራው የሎ በሚባለው ላይሠራ ይችላል፤ በፋየርሬድ ደግሞ ጨርሶ የለም። «ሞከርኩት፣ ውሸት ነው» የሚባለው አብዛኛው ነገር እውነት ሆኖ ሳለ የተሞከረው በተሳሳተ እትም ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች፣ ሬድና ግሪን፣ ጃፓን ውስጥ ለጌም ቦይ የወጡት የካቲት 1996 እ.ኤ.አ. ነው። ሬድና ብሉ በሰሜን አሜሪካ ገበያ የዋሉት በ1998 ነው። ፋየርሬድና ሊፍግሪን የእነዚሁ ጌሞች አዲስ ሥሪት ሲሆኑ በ2004 ለጌም ቦይ አድቫንስ ከዜሮ ተነሥተው ስለተጻፉ የድሮዎቹ ስህተቶች አልተከተሏቸውም። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ጂቢ» ካለ የድሮው ነው፤ «ጂቢኤ» ካለ አዲሱ ነው። ከታች ያለውን ከመሞከር በፊት ይህን ማየት ግማሹን ድካም ይቀንሳል።

በድሮው ጌም ውስጥ ተጫዋቹ የሚያየው የ151 ፖኬሞኖች ዝርዝር ነው። ፕሮግራሙ በውስጡ የሚጠቀምበት ዝርዝር ግን 190 ቦታ አለው፤ ቀሪዎቹ 39 ቦታዎች ባዶ ናቸው። በውስጥ ዝርዝሩ ቁጥር 1 ላይ ያለው ቡልባሶር ሳይሆን ራይደን ነው። ድምፅም በቁጠባ ነው የተሠራው፦ ቻሪዛርድና ራይሆርን አንድ ዓይነት ጩኸት አላቸው። 151ኛው ሚው ራሱ በመጨረሻ ሰዓት የገባ ነው። የሙከራ ፕሮግራሞች ከካሴቱ ሲወጡ የተረፈችው ቦታ 300 ባይት ገደማ ነበረች፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ሺጌኪ ሞሪሞቶ ሚውን እዚያች ላይ አስገባው። በቨርሚሊየን ወደብ ከቆመው መኪና ሥር ሚው አለ የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው። መኪናው አለ፤ ሥሩ ምንም የለም።

ባዶዎቹን 39 ቦታዎች የሚሞላው «ሚሲንግኖ» የሚባለው ነው፤ እሱን የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ከሁሉም ግሊች ይልቅ መመርመር የሚገባው ነው። በሬድ ወይም በብሉ ቪሪዲያን ከተማ ያሉትን ሽማግሌ ያናግሩና ትቸኩላለህ ወይ ሲሉ «አይ» ይበሉ። ፖኬሞን እንዴት እንደሚያዝ ያሳያሉ። ከዚያ ሌላ ሣር ሳይረግጡ በፍላይ (በሚበር ፖኬሞን) በቀጥታ ወደ ሲናባር ደሴት ይሂዱና ከምሥራቁ ጠርዝ፣ መሬቱን ተጠግተው በሰርፍ (በሚዋኝ ፖኬሞን ላይ ሆነው) ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሱ።

የሚሆነው ይህ ነው። ሽማግሌው ሲያሳዩ በስክሪኑ ላይ የሳቸው ስም መታየት ስላለበት፣ ጌሙ የተጫዋቹን ስም ለጊዜው የሣር ፖኬሞኖች ዝርዝር በሚቀመጥበት ሜሞሪ ላይ ይገለብጠዋል። ሲናባር ሣር ስለሌላት ያንን ቦታ የሚጠርገው የለም። በምሥራቁ ጠርዝ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጨመራል። ጌሙ ፖኬሞን ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ተጫዋቹ የቆመበትን ቦታ የቀኝ ግማሽ አይቶ ነው፤ ያ ውኃ ነው። የትኛው ይውጣ የሚለውን ግን የግራውን ግማሽ አይቶ ይወስናል፤ እሱ ውኃ ስላልሆነ የሣሩን ዝርዝር ይከፍታል። ዝርዝሩ አሁን ስምዎ ነው። ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ፊደል ሌቨል ይሆናሉ፤ ሦስተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው የፖኬሞን ዓይነት ይሆናሉ።

ስለዚህ ውጤቱ አስቀድሞ ይሰላል። በትልልቅ የላቲን ፊደል ኤ በጌሙ ውስጥ 128 ነው፣ ቢ 129፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፋሲል ብሎ በአምስት ፊደል፣ በኤፍ፣ ኤ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤል የተመዘገበ ተጫዋች ሦስተኛ ፊደሉ ኤስ ነው፤ ኤስ 146 ነው፤ 146 ባዶ ቦታ ነው። ሌቨል 128 ሚሲንግኖ ይወጣለታል ማለት ነው። አምስተኛው ኤል ሌቨል 136 ክሎይስተር ያመጣል። ጎንደር ብሎ በስድስት ፊደል የተመዘገበ ደግሞ በኤን ምክንያት ሌቨል 142 ኤሌክትሮድ፣ በኤ ምክንያት ሌቨል 131 ጎልደክ ያገኛል፤ ሰባተኛው ላይ የስሙ ማብቂያ ምልክት ስላለ እሱም ሚሲንግኖን ይጠራል። ሦስተኛ፣ አምስተኛ ወይም ሰባተኛ ቦታ ላይ ጂ፣ ኤች፣ ጄ፣ ኤም ወይም ኤስ ያለበት ስም ሁሉ ሚሲንግኖ ያወጣል። ዲ ሚውቱን፣ ኢ ስኖርላክስን ያመጣል።

ሰው ሚሲንግኖን የሚፈልገው ለራሱ ሳይሆን በቦርሳው ስድስተኛ ቦታ ላይ ላለው ዕቃ ነው። ጌሙ አንድ ፖኬሞን ሲታይ በፖኬዴክስ (የታዩ ፖኬሞኖች በሚመዘገቡበት ዝርዝር) ላይ ምልክት ያደርጋል። የሚሲንግኖ ቁጥር 0 ነው፤ ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ 255 ይሆንና ምልክቱ ከፖኬዴክሱ ውጭ፣ የስድስተኛው ዕቃ ብዛት የተጻፈበት ባይት ላይ ያርፋል። በዚህም ብዛቱ በ128 ያድጋል። ሬር ካንዲ (ሌቨል የሚጨምር) ወይም ማስተር ቦል (ሳይስት ፖኬሞን የሚይዝ) እዚያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ዕቃው ቀድሞውኑ 128 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም አይጨመርም። መያዝም አያስፈልግም፤ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ይሽሹ። ጉዳቱ፦ የሚሲንግኖ ሥዕል ለሥዕል ከተመደበው ቦታ በላይ ስለሆነ ፈስሶ የአሸናፊዎችን መዝገብ ያበላሻል። ይህ አይመለስም። የሌሎች ፖኬሞኖች ሥዕል ተገልብጦ ከታየ ግን አንዱን ጤነኛ ፖኬሞን ከፍቶ ዝርዝሩን ማየት ያስተካክለዋል።

ሚውን ማግኘት ግን በመኪና ሳይሆን በዚህ መንገድ ይቻላል፤ ዘዴው የታወቀው በ2003 ነው። ቴሌፖርት (መጨረሻ ወደታከሙበት ቦታ በቅጽበት መመለስ) የሚችል አብራ የሚባል ፖኬሞን ያዘጋጁ። መጨረሻ የታከሙበት ቦታ ሰሩሊያን ይሁን። ከሰሩሊያን በስተሰሜን፣ ከድልድዩ ማዶ በስተግራ ባለው ሣር አጠገብ የቆመውን አሠልጣኝና በመንገድ 25 ላይ ስሎውፖክ የያዘውን ልጅ አስቀድመው አይግጠሙ። ከመጀመሪያው አሠልጣኝ እይታ አንድ እርምጃ ውጭ ሆነው ሴቭ ያድርጉ፤ ወደ እይታው አንድ እርምጃ ሲገቡ ወዲያውኑ ስታርት ይጫኑ። ሜኑው ሲከፈት አብራን ቴሌፖርት ያስደርጉ። አሠልጣኙ አይቶዎታል፤ እርስዎ ግን ሰሩሊያን ነዎት፤ የስታርት ቁልፍም አይሠራም። በእግር ሄደው ስሎውፖክ የያዘውን ይግጠሙ። ፊት ለፊቱ ተጠግተው አይቁሙ፤ እሱ ወደ እርስዎ መራመድ አለበት፣ ካልተራመደ ጌሙ ይደርቃል። ካሸነፉ በኋላ ማንንም ሳይገጥሙ ወደ ሰሩሊያን ተመልሰው ወደ ሰሜን ሲወጡ ሜኑው በራሱ ይከፈታል። በቢ ይዝጉት፤ ሌቨል 7 ሚው ይወጣል።

ምክንያቱ ስሎውፖኩ ነው። «ስፔሻል» የሚባለው አቅሙ 21 ነው፤ በውስጥ ዝርዝሩ 21 ሚው ነው። ሌቨል 7 የሆነው ያልተነካ የጥቃት ደረጃ በጌሙ ውስጥ 7 ተብሎ ስለሚጻፍ ነው። ስሎውፖኩ ላይ ግራውልን (የባላጋራን የጥቃት ደረጃ በአንድ የሚቀንሰውን) ስድስት ጊዜ ቢጠቀሙበት ሚው በሌቨል 1 ይመጣል። እንደ ሚው ላሉ ፖኬሞኖች በሌቨል 1 የልምድ ነጥብ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ስለሚወርድና ጌሙ ኔጌቲቭ ቁጥር ስለማያውቅ፣ ከ54 በታች ነጥብ ካገኘ በአንዴ ሌቨል 100 ይሆናል።

ከእነዚህ ሌላ ተጫዋቹ ሳያውቅ በየቀኑ የሚነኩት ስህተቶች አሉ። 100 በመቶ ይመታል የተባለ ምት ከ256 አንዱን ይስታል፤ ቁጥሩ 255 ተብሎ ተጽፎ ከ0 እስከ 255 ከሚወጣ ዕጣ ጋር «ከዚህ ያነሰ» በሚል ስለሚወዳደር ነው። ስዊፍት የሚባለው ምት ግን ከዚህ ነፃ ነው። ፎከስ ኢነርጂ ከባድ ምት የማግኘት ዕድልን መጨመር ሲገባው ወደ ሩብ ያወርደዋል። የጎስት ዓይነት ምት የሳይኪክ ዓይነት ፖኬሞንን አይነካም፤ ታስቦ የነበረው ግን በእጥፍ እንዲጎዳ ነበር። ቀጣዮቹ ጌሞች ጎልድና ሲልቨር በ1999 ሲወጡ እነዚህ ስህተቶች ተስተካክለዋል።

ጎልድና ሲልቨር ሲጀመር ሰዓት ይጠየቃል፤ የእኛ አገር ተጫዋች የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጌሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ «9» ብሎ የሞላ ሰው ጌሙን ጠዋት አድርጎታል። በእኛ አቆጣጠር የጌሙ ጠዋት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ ቀኑ ከ4 እስከ ምሽቱ 12፤ ሌሊቱ ከ12 እስከ ሌሊቱ 10። የስልካቸውን ሰዓት በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ያዞሩ ሰዎችም ሰዓቱን ከስልክ በሚወስዱ ኢሙሌተሮች ላይ የ6 ሰዓት ልዩነት ያመጣሉ፤ የሌሊት ፖኬሞን በጠራራ ፀሐይ ይወጣል።

በስልክ ላይ ብዙ ጊዜ «ግሊች» የሚባሉት ሁለት መልእክቶች ግን የሴቲንግ ጉዳይ ናቸው። ፋየርሬድ «1ኤም ሰርኪት ቦርዱ አልተገጠመም» ካለና ሴቭ ካላደረገ፣ የኢሙሌተሩን የሴቭ ዓይነት ፍላሽ 128ኬ ማድረግ ነው። ሌላው የጌም ቦይ አድቫንስ ጌም ኤመራልድ ሲከፈት «የውስጥ ባትሪው አልቋል» ካለ ሪል ታይም ክሎክ የሚለውን ማብራት ነው። ካልበራ በጌሙ ውስጥ የተተከለ ቤሪ የሚባለው ፍሬ አያድግም። ቤሪ ለ366 ቀን የሚቆምበት እውነተኛ ስህተት ያለው በሩቢና በሳፋየር ነው፤ ሰዓቱ ከተጀመረ ዓመት ገደማ በኋላ ይከሰታል።

አንድን ፖኬሞን ሁለት አድርጎ ማባዛትን በተመለከተ፣ በኤመራልድ ባትል ታወር በሚባለው የግጥሚያ ቦታ የሚደረገው ሴቭ በእጅ ያሉትን ፖኬሞኖች ብቻ ይጽፋል፤ ሌሎች ፖኬሞኖች የሚቀመጡበትን የጌሙን ኮምፒውተር ሳጥን አይነካም። ፖኬሞኑ ሳጥን ውስጥ እያለ ሴቭ ተደርጎ፣ ከዚያ ወጥቶ እዚያ ሴቭ ሲጀመርና ጌሙ በትክክለኛው ቅጽበት ሲጠፋ፣ በሁለቱም ቦታ ይገኛል። ይህን ሲሞክሩ ኢሙሌተሩ ራሱ የሚሠራውን ሴቭ ስቴት መጫን የለም፤ እሱ ሜሞሪውን በሙሉ ወደ ኋላ ስለሚመልስ ግሊቹን ያጠፋዋል። ዴስክቶፕ ላይ ለሚጫወት ደግሞ የመብራት ነገር አለ፦ አንዳንድ ኢሙሌተሮች የጌሙን ሴቭ ወደ ዲስክ የሚጽፉት ቆይተው ወይም ሲዘጉ ስለሆነ፣ በጌሙ ውስጥ «ሴቭ ተደርጓል» ካለ በኋላም መብራት ቢሄድ ሊጠፋ ይችላል። ሴቭ አድርጎ ኢሙሌተሩን በወጉ መዝጋትና የሴቭ ፋይሉን በሌላ ስም መገልበጥ ከማንኛውም ሙከራ በፊት የሚደረግ ነው።