ራሱን የሚያስተካክል ጡረታ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ በደሞዝ የሚተዳደር ሰው ፔሮል ላይ ሲፈርም «ጡረታ» የምትለውን ዓምድ ያውቃታል። ከደሞዙ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ብሩ ግን በስሙ ተለይቶ አይቀመጥም። ወደ ጋራ ፈንድ ይገባል፤ የዛሬ ጡረተኞች ከዚያ ይከፈላቸዋል፣ የተረፈው ለነገ ይቆያል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንዲት የጅማ አስተማሪ 30 ዓመት አገልግላ በ60 ዓመቷ ጡረታ ወጣች እንበል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዟ 8,000 ብር ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይታሰብላታል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ድምሩ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 4,400 ብር ነው። እሷን የሚያክል ደሞዝ ያለው አንድ ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ሆኖ 1,440 ብር ያዋጣል። ሦስት ሠራተኞች ሲሆኑ 4,320 ብር። 80 ብር ይጎድላል!

አገራችን ወጣት የሚበዛባት ስለሆነች ይህ ጉድለት ዛሬ አይታይም። ነገር ግን ሰው ዕድሜው እየረዘመ ነው፣ አንዲት እናት የምትወልደው ልጅ ቁጥርም እየቀነሰ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ መዋጮውም አብሮ ይቀራል። ቡና ለቃሚውና ባጃጅ ነጂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመዋጮው ውጭ ናቸው። ከ30 ዓመት በኋላ ለአንድ ጡረተኛ ስንት ሠራተኛ እንደሚኖር ማንም አያውቅም።

ራሱን የሚያስተካክል ጡረታ የሚባለው ለዚህ ጥርጣሬ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ነው። አንድ ቁጥር ሲለወጥ ክፍያው ወይም የጡረታ ዕድሜው በሕጉ መሠረት አብሮ ይለወጣል። ችግር በመጣ ቁጥር አዲስ ሕግ አይጠበቅም። ዴንማርክ የጡረታ መውጫ ዕድሜን ሰው በአማካይ ከሚኖረው ዕድሜ ጋር አያይዛለች። ስዊድን ከዚህም አልፋ ሄዳለች፦ ጡረታ በየዓመቱ አማካይ ደሞዝን ተከትሎ ያድጋል፣ የሥርዓቱ ሀብት ከዕዳው ካነሰ ግን ዕድገቱ ይገታል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ በኋላ ይህ ፍሬን ሠራ፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ጡረታ 3 በመቶ ተቀነሰ። ጡረተኛው ተቆጣ፣ መንግሥትም ግብር በመቀነስ ሊያካክሰው ሞከረ። ሒሳቡ ሲያገግም ግን የተቀነሰው እንዲመለስ ደንቡ ራሱ ያዛል። ዝቅተኛ ጡረታ ላለው ደግሞ የዋስትና ክፍያ አለ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ማስተካከያ ግን አለ፦ የዋጋ ንረት። አስተማሪዋ የተቆረጠላት 4,400 ብር መንግሥት ጭማሪ እስኪያደርግ ድረስ ባለበት ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈባቸው ወራት ነበሩ። በዚያ ፍጥነት አንድ ዓመት ቢቆይ፣ 4,400 ብሯ ዓምና 3,385 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። ስዊድኖች 3 በመቶ ሲቀነስባቸው አገር ተንጫጫ፤ የእሷ ከ23 በመቶ በላይ ሲሸረፍ የወሰነም የፈረመም የለም። ፈንዱም ቢሆን አላመለጠም። ለረጅም ዓመታት ብዙው ገንዘቡ የተቀመጠው ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች በሆነ የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር።

ስለዚህ «ቋሚ ደንብ ጡረተኛውን ይጎዳል» የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። አሁን ሸክሙን ብቻውን የተሸከመው እሱ ነው። ደንብ ቢኖር ጉዳቱ ለሠራተኛውም፣ ለአሠሪውም፣ ለመንግሥትም ይከፋፈላል። የእኛ ደንብ ግን የስዊድን ግልባጭ መሆን የለበትም። በመጀመሪያ የማይነካ ወለል ያስፈልጋል፤ ዝቅተኛው ጡረታ በየዓመቱ ከጤፍና ከዘይት ዋጋ ጋር አብሮ ይነሳ። ከዚያ በላይ ያለው የደሞዝን ዕድገት ይከተል፣ ፈንዱ ሲጎድልም ዕድገቱ ይቀንስ። የፈንዱ የወደፊት ገቢና ዕዳ ስሌት ደግሞ አዋጪው ሁሉ ሊያየው በሚችል መልኩ በየዓመቱ ይውጣ።