ፊልትሮ መፍታትና ማጥበቅ፦ የሞተር ዘይት በቤት ሲቀየር

የሞተር ዘይት ፊልትሮ በዘይቱ ውስጥ የሚዞረውን የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና አቧራ ይዞ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው ዓይነት ከሞተሩ ጎን በወጣች ጥርስ ባላት አጭር ቱቦ ላይ እየዞረ የሚገባ የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ሌላ ብሎንም ዳዶም የለውም። በቤቱ ዘይት የሚቀይር ሰው ከሁሉም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌው አልፈታ ይላል፣ አዲሱ ደግሞ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ያሳስባል። ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ዛሬ እምቢ ያለው ፊልትሮ አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው ለውጥ ከልክ በላይ የታሰረ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የዘይት ፊልትሮ አልነበራቸውም፤ ዘይቱ በጣም በአጭር ርቀት መደፋት ነበረበት። አሜሪካውያኑ ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልጅ ፑሮሌተር ያሉትን ማጣሪያ ይዘው የመጡት በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ማጣሪያዎች ከዘይቱ ከፊሉን ብቻ ያሳልፉ ነበር። ዛሬ የምናውቀው፣ እንዳለ ተፈትቶ የሚጣለው ጣሳ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው።

አዲስ ፊልትሮ ገልብጦ ማየት ብዙ ያስተምራል። መሃሉ ላይ ጥርስ ያለው ትልቅ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ፓምፑ የገፋው ዘይት በትናንሾቹ ይገባል፣ በታጠፈው ወረቀት ከውጭ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያም በመሃለኛው ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከትናንሾቹ ቀዳዳዎች ሥር የምትታየው ስስ ላስቲክ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ትከለክላለች። እሷ ካረጀች ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የብረት መንኳኳት ይሰማል። በብዙዎቹ ጣሳዎች ውስጥ በስፕሪንግ የተያዘ ሌላ ቫልቭም አለ። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ይህ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፤ ለሞተር ከዘይት እጦት ያልተጣራ ዘይት ይሻለዋልና። ከሁሉ ውጭ፣ በጣሳው ጠርዝ ላይ፣ የላስቲክ ቀለበት ተቀምጧል። የመፍታቱም የማጥበቁም ነገር በሙሉ በዚህ ቀለበት ላይ ነው።

ዘይት እንዳይወጣ የሚያደርገው የጣሳው ጥርስ አይደለም፤ በሞተሩ ልሙጥ ገጽ ላይ የተጫነው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ትንሽ ከታመቀ ይበቃዋል። ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ግን ይደርቅና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ሲታሰር ዘይት ሳይቀባ ደርቆ የገባ ከሆነ ደግሞ ገና ሲዞር ይጠማዘዛል፣ ያን ጊዜ መያዣው እጥፍ ይሆናል። በመፍቻ ቁልፍ የታሰረ ፊልትሮ ሲፈታ ጣሳው ተጨማድዶ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ለመፍታት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ይጠቅማል፤ ለብ ያለ ዘይት ፈጥኖ ይወርዳል፣ ላስቲኩም ይለሰልሳል። ከመንገድ እንደገባ ግን እጅ ማስገባት አይገባም፤ ዘይቱም የጭስ ማውጫውም ክፉኛ ያቃጥላሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከሥር መግባት ካስፈለገ ክብደቱ በብረት መደገፊያ ላይ ማረፍ አለበት። ክሪክ ለማንሳት ብቻ ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ እዚህ ላይ ምንም ዓይነት ድርድር የለም።

የዘይት ማውረጃው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ ከወረደ በኋላ ተራው የፊልትሮው ነው። የጣሳው ድፍን ጫፍ ወደ ፈቺው ፊት ሲሆን የሚፈታው ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም በጀርባ ተኝቶ፣ እጅን በጠባብ ቦታ አዙሮ ለሚሠራ ሰው አቅጣጫው በቀላሉ ይገለበጣል፣ አልፈታ ያለውንም ፊልትሮ ጭራሽ ያጠብቀዋል። በጣሳው ላይ በፓርከር ቀስት መሳል ጥሩ ልማድ ነው። መጀመሪያ በእጅ ይሞከራል፤ ዘይት እጅን ስለሚያንሸራትት ጣሳውን በደንብ መጥረግ፣ ላስቲክ ጓንት ማድረግ ወይም በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት መያዝ ይረዳል። ካልሆነ በፊልትሮው ቂጥ ላይ የሚገጠመው ኮፍያ መፍቻ፣ የቀበቶ ወይም የሰንሰለት መፍቻ አለ። ቀበቶው ወደ ሞተሩ በቀረበው የጣሳው ክፍል ላይ መጠምጠም አለበት፤ እዚያ ወፍራሙ የብረት ሳህን ከውስጥ ስለሚደግፈው አይጨማደድም።

ካቻቢቴ በጣሳው ውስጥ ሰክቶ እንደ እጀታ ማዞር በየጋራዡ የታወቀ ዘዴ ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ላስቲኩ በጣም ከተጣበቀ ግን ቆርቆሮው ይቀደድና ሳህኑ ብቻ ሞተሩ ላይ ይቀራል፣ መኪናውም ከቦታው መንቀሳቀስ አይችልም። የቀረውን ሳህን ጠርዙን በመሮና በመዶሻ ቀስ እያሉ በመምታት ማዞር ይቻላል፤ ያ ግን የሞተሩን ልሙጥ ገጽ እንዳይነካ ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ካቻቢቴ ሌላው ሁሉ ካልሠራ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ምርጫ መሆን ይገባዋል።

ፊልትሮው እንደወጣ ወዲያው የሚታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አሮጌው የላስቲክ ቀለበት ከጣሳው ጋር መውጣቱ ነው። ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ ፊልትሮ በላዩ ከታሰረበት ሁለት ላስቲክ ተደራርቦ አይይዝም። ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ አንዱን ገፍቶ ያወጣውና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያልቃል። ያላስተዋለ ሾፌር እየነዳ ሞተሩን ይጨርሳል። ሁለተኛው ጥርስ ያላት ቱቦ ከአሮጌው ፊልትሮ ጋር ተፈትታ አለመውጣቷ ነው፤ ከወጣች ወደ ሞተሩ ተመልሳ መታሰር አለባት። ከዚያ የሞተሩ ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል።

አዲሱ ሲገጠም ላስቲኩ በጣት ጫፍ አዲስ ዘይት ይቀባል። ፊልትሮው አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚቆም ከሆነ ቀድሞ ዘይት ማጠጣት ይቻላል፤ በጎኑ የሚተኛ ከሆነ ይደፋልና አይጠቅምም። ጥርሱ የሚጀምረው በእጅ ብቻ ነው። ያለ ትግል መዞር አለበት፤ ከተያዘ ተጣሞ ገብቷልና አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው። ላስቲኩ ብረቱን የነካበት ቦታ በእጅ ይታወቃል፤ ከዚያ ጀምሮ ያለው ዙር ይቆጠራል። ብዙ አምራቾች ከንክኪ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሙሉ ዙር ይላሉ፤ ሦስት አራተኛ ዙር በጣም የተለመደው ነው። በአንዳንድ ጣሳዎች ዙሪያ ከ1 እስከ 4 የተጻፉት ቁጥሮች ለዚሁ ቆጠራ የተቀመጡ ናቸው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች መመሪያ ላይ በመለኪያ ቁልፍ ለሚያስር የተሰጠው ልክ 17.5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፤ የዘይት ማውረጃው ብሎን ከሚታሰርበት ግማሽ እንኳ አይሞላም። «እንዳይፈታ» ተብሎ በቁልፍ የሚጨመረው ሩብ ዙር ምንም ጥቅም የለውም፤ ላስቲኩን ይጎዳል፣ ቀጣዩን ፈቺ ያስቸግራል። በእጅ የተቆጠረውን ማመን ይገባል።

ሁሉም ፊልትሮ ጣሳ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በታክሲና በኡበር ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚነዷቸው ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ፕሪየሶችና ባለ 2.5 ሊትር ካምሪዎች ብዙዎቹ ባለ ወረቀት ፊልትሮ ያላቸው ናቸው፤ ክዳኑ ብቻ ተፈትቶ ውስጡ ይለወጣል። ለእነዚህ ባለ 14 ጎን፣ 64 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ኮፍያ መፍቻ ያስፈልጋል። ክዳኑ ላይ 25 ኒውተን ሜትር የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ ፕላስቲክ የሆነ ክዳን ከዚያ ካለፈ ሊሰነጠቅ ይችላል። የክዳኑ ቀጭን ላስቲክ በየለውጡ አብሮ መቀየር አለበት።

አዲስ አበባ ላይ ፊልትሮ የሚገዛው ብዙ ሰው ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። እዚያ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥራት የለውምና አሮጌውን ይዞ ሄዶ የጥርሱን ስፋትና የላስቲኩን ቀለበት ልክ ጎን ለጎን ማመሳከር ይበጃል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው፤ እንዲህ ላለ ሞተር በርካሽ ፊልትሮ መቆጠብ አያዋጣም።

ዘይቱ ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲሠራ የፊልትሮው ዙሪያ በባትሪ ይታያል፤ ጠብታ ካለ ሞተሩ ጠፍቶ ቀለበቱ ይመረመራል። ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ የዘይት መለኪያው ይወጣና በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑ ይታያል። አዲሱ ፊልትሮ የጠጣው ዘይት ስላለ ትንሽ መጨመር ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል።

አሮጌው ጣሳ ከወጣ በኋላም በሆዱ ብዙ ዘይት ይይዛል። ገና ትኩስ ሳለ አፉን ወደ ታች አድርጎ ቢያንስ 12 ሰዓት ማንጠፍጠፍ ይመከራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአንድ መኪና የወረደ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። በአሜሪካ እንደ ኦቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች ያገለገለ ዘይት ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። በእኛ አገር የሚቀበል ጋራዥ ፈልጎ በክዳን በታሸገ ጀሪካን ማድረስ የባለ መኪናው ድርሻ ነው፤ ቦይ ውስጥና ግቢ ጥግ የሚደፋው ዘይት የሚደርሰው የጉድጓድ ውኃ ላይ ነው።